ሙሽሪት ካልተገፋች አትወጣም

ጋሽ ሚልክያስ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል። ኤሌክትሪክ ከየት ተነስቶ፣ በየት ዞሮ፣ የት እንደሚገባ በጠመኔ ሥለው ያላስረዱት የአራዳ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ በዕድሜያቸው አንድ ካውያ እንኳ ጠግነው አያውቁም። አልሞከሩም ለማለት አይደለም፤ ሞክረዋል። ካውያውም፣ ሬዲዮውም፣ የጸሎት ቤቱ ማይክራፎንም ከእጃቸው የወጡት በሽታቸው ከነበረው ብሶባቸው ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ይባላል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ግን ዕረፍት ያጣችው መኪናቸው ናት።

መኪናዋ የፈረንሳይ ስሪት ስቴሽን ዋገን ናት። በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ወደ አገሩ ከሚመለስ መምህር ሲገዟት ክሬም ነበረች፤ ዛሬ ቀለሟ ምን እንደሆነ ለመወሰን ሽማግሌ መቀመጥ አለበት። ጀርባዋ ረጅም ስለሆነ ውቤ በረሃ ያልጫነባት ነገር የለም። የእድር ድንኳን ተሸክማለች፣ ምጥ የያዛት ሴት አድርሳለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጎረቤታቸው ሰላሀዲን ከወሎ ያስመጣው ሙክት ከኋላ ቆሞ በመስኮት ፒያሳን እየጎበኘ ገብቶባታል።

ታዲያ ይኸው ሦስት ዓመት ሆኗታል፣ በቁልፍ አትነሳም። ቁልፉ ሲዞር "ጠቅ" ትላለች፤ ከዚያ ጭጭ። ስለዚህ ትገፋለች። ጋሽ ሚልክያስ ገብተው በሯን ሲዘጉ የግቢው ሰው ሳይጠራ ይወጣል። ሰላሀዲን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመጣል። ሚስቱ ነሲባ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትከተላለች። "ቢስሚላህ!" ይላል ሰላሀዲን። "በኢየሱስ ስም!" ይላሉ የጋሽ ሚልክያስ ባለቤት እትዬ ሸዋረጋ ከፊት ወንበር። መኪናዋም ሁለቱንም ሰምታ፣ ሳል እንደያዘው ሰው ተንደቅድቃ ትነሳለች። ሰፈሩ "ሙሽሪት" የሚል ስም አውጥቶላታል፤ ያለ አጃቢ ከቤት አትወጣማ።

ጋሽ ሚልክያስ ይህ ስም ያንገበግባቸዋል። ጋራዥ ውሰዷት ቢባሉ ደግሞ ሞታቸው ነው። "ሞተሪኖዋ ነው" ይላሉ፤ ሞተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ዕቃ ማለታቸው ነው። ሦስት ጊዜ አውርደውታል፣ ሦስት ጊዜ ፈተው በቤንዚን አጥበውታል፣ ሦስት ጊዜ መልሰው ሰቅለውታል። አፈታታቸው ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ ብሎን ቁጥር በተጻፈበት የእንቁላል ካርቶን ውስጥ በተራው ይቀመጣል፤ የሽቦው አካሄድ በግቢው የቆርቆሮ በር ላይ በጠመኔ ይሣላል። ሥርዓቱ ግሩም ነው። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ግን ሁልጊዜ ሁለት ብሎን ይተርፋል።

"እግዚአብሔር እንኳ ከአዳም አንዲት አጥንት ቢያወጣ ሔዋንን ሠራባት" ይላሉ እትዬ ሸዋረጋ የተረፈውን አይተው። "አንተ ያወጣኸውን ምን ልታደርገው ነው?"

እትዬ ሸዋረጋ ቀልድ ይወዳሉ፣ በመኪናዋ ግን የምራቸውን ነው። ባለፈው ክረምት ጋሽ ሚልክያስ ከሥር ተንጋለው ሳለ መኪናዋን ያነሱበት ክሪክ ሸርተት አለ። መኪናዋ አጠገባቸው ያስቀመጡት ድንጋይ ላይ ስታርፍ በብረቱና በደረታቸው መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። እግራቸውን ይዘው ጎትተው ያወጧቸው እትዬ ሸዋረጋ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን መኪና ዓይኗን ማየት አይፈልጉም። በስድሳ ስምንት ዓመቱ ከመኪና ሥር የሚተኛ ባል ያላት ሴት ሌላ ጠላት አያስፈልጋትም።

ልዑል የመጣው በዚህ መሐል ነው። ልዑል ፒያሳ አዲስ ካፌ የከፈተ፣ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም የማያወልቅ ሰው ነው። አንድ ቀን በግቢው በር ሲያልፍ ሙሽሪትን አየና እንደ ወርቅ ቤት ደንበኛ ዞሯት ጨረሰ።

"ፋዘር፣ ይቺ ለመንገድ ሳይሆን ለጌጥ ነው የተፈጠረችው" አለ። "ሞተሯን አውጥተን ካፌው በር ላይ እናቆማታለን። ውስጧ ጠረጴዛ ይገባል። ሰው እሷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን ይጠጣል።"

ለጋሽ ሚልክያስ ሙሽሪት ሆዷ ተከፍቶ፣ ጣሪያዋ ላይ አበባ ተተክሎ ታያቸው፤ ምሳም ሳይበሉ ዋሉ። እትዬ ሸዋረጋ ግን ሰውየውን ቡና ጋብዘው ስልኩን ተቀበሉት። ማታ ራት ላይ አሳባቸውን ተናገሩ።

"ስማኝ ሚልክያስ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልዑል ባለበት፣ በቁልፍ ብቻ ካስነሳሃት ትኑር። ሁለተኛ አፌን አልከፍትባትም። እምቢ ካለችህ ግን ይውሰዳት፣ አንተም ከመሬት ተነስተህ እንደ ሰው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።"

"በቁልፍ ብቻ?"

"በቁልፍ ብቻ። አንድ ጣት ካረፈባት የልዑል ናት።"

ጋሽ ሚልክያስ እሺ አሉ። የግቢው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሰላሀዲንና ነሲባም በዚያው ቅጽበት እሺ ያሉ ያህል ነበር።

ማክሰኞ ሞተሪኖው ለአራተኛ ጊዜ ወረደ። ረቡዕ ታጠበ። ሐሙስ ተመልሶ ተሰቀለ፤ "ጠቅ" አለና ዝም አለ። ሐሙስ ማታ ጋሽ ሚልክያስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ዓርብ እኩለ ቀን ሰላሀዲን ጁምዓ ሄደ፣ ነሲባ ገበያ ወጣች፣ እትዬ ሸዋረጋ የሴቶች ጸሎት ነበራቸው። ግቢው ውስጥ የቀሩት ጋሽ ሚልክያስና ሙሽሪት ብቻ ናቸው። ሰውየው የቆርቆሮው በር ፊት ቆመው የራሳቸውን ሥዕል እንደ ተማሪ ደብተር ማረም ጀመሩ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወጣ፣ ሞተሪኖው ገባ፣ ከሞተሪኖው ወደ መኪናዋ ገላ፣ ከገላዋ ተመልሶ ወደ ባትሪው... እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመ። ዙሩ ካልተዘጋ ኤሌክትሪክ አይሄድም ብለው ሠላሳ አራት ዓመት ጮኸዋል። የመመለሻዋን ገመድ ግን አንድ ቀን ዞር ብለው አላዩዋትም። ኮፈኑን ከፍተው፣ ገመዷን ተከትለው፣ ጫፏ ጋ ሲደርሱ ብሎኑ በዝገት ተበልቶ አገኙት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ በአዲስ ብሎን አጠበቁት። ሞተሪኖው ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና ነበር፤ ሳይታመም አራት ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ምስኪን።

ቁልፉን አዞሩ። ሙሽሪት ተነሳች።

ጋሽ ሚልክያስ ወዲያው አጠፏት። እንደገና አስነሷት፣ እንደገና አጠፏት። ከዚያ መሪው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ትንሽ አለቀሱ፤ ይህን ያየ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ማታ መናገር ይችሉ ነበር። አልተናገሩም። ነሲባ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ፊቷን አጥቁራ ትኩስ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። ሰላሀዲን ደግሞ፣ "አይዞዎት ጋሼ፣ አላህ ያለው ነው የሚሆነው። ካፌውም ቢሆን ሩቅ አይደለም፣ እየሄዱ ያይዋታል" አላቸው። ጋሽ ሚልክያስ በአንድ በኩል ተናደዱ፣ በሌላ በኩል ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" አሉ በልባቸው፤ "ነገ በዓይናችሁ ስታዩ ታምናላችሁ።" የሚፈልጉት መኪናዋ እንድትቀርላቸው ብቻ አልነበረም። ሸዋረጋ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ሚልክያስ ሠራው" እንድትል ፈለጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ልዑል ከነመነጽሩ መጣ። ከአሁኑ የራሱ የሆነች ይመስል ርዝመቷን በሜትር ለካ። ከውጭ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ሰማይ ምድሩን ያናውጠዋል፤ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። ጋሽ ሚልክያስ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። እትዬ ሸዋረጋ ከልዑል ጎን፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆመው ነበር፤ ባላቸው በሩን ሲከፍቱ ድንገት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ወጤ አረረ!" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ጋሽ ሚልክያስ ቅር አላቸው። ለማን ሊያሳዩ ነው ታዲያ? ቢሆንም ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ማርሹን ነካ ነካ አድርገው ባዶ ላይ መሆኑን አረጋገጡ። "ጌታ ሆይ፣ አታሳፍረኝ" አሉና ቁልፉን አዞሩ።

ተነሳች። ሳትስል፣ ሳታንገራግር ተነሳች። በማሽኑ ጩኸት ድምጿ አይሰማም፤ ንዝረቷ ግን በመቀመጫው በኩል ወገባቸው ውስጥ ገባ። ጋሽ ሚልክያስ ደስታቸውን አንድ ትንፋሽ ያህል አጣጣሙት። ሁለተኛውን ትንፋሽ ሳይስቡ መኪናዋ መንቀሳቀስ ጀመረች።

ማርሽ አላስገቡም። እንዳትንከባለል ጎማው ሥር የተቀመጠው ድንጋይስ? አንድ ሰው አንስቶታል። ደንግጠው በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ። ሰላሀዲን ከልዑል ዓይን ለመሰወር ጎንበስ ብሎ በትከሻው ይገፋል። ነሲባ ከጎኑ ናት። ከነሲባ ቀጥሎ ግራጫ ሹራብ አዩ። ያንን ሹራብ ያውቁታል፤ ባለፈው የልደት በዓል የገዙት ራሳቸው ናቸው።

ወጧ ያረረባት ሴት ናት፤ በጓሮ ዞራ መጥታለች። በዚያ ጉልበቷ፣ በቤት ነጠላ ጫማ፣ ሁለት መዳፏን የኋላው በር ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትገፋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየጸለየች ነው። ጋሽ ሚልክያስ መሪውን ወደ በሩ አቀኑ።

ሙሽሪት የግቢውን በር አልፋ መንገዱ ላይ ወጣች። ፍሬን ይዘው ወረዱ። ልዑል እየሮጠ ደረሰ።

"ተገፍታለች! ፋዘር፣ ይሄማ አይሆንም፣ ተገፍታለች!"

"ማን ገፋት?" አሉ እትዬ ሸዋረጋ እያለከለኩ። መዳፋቸው በአቧራ ጠቁሯል።

"እኛ እንኳ ልንሰናበታት ነው ነካ ያደረግናት" አለ ሰላሀዲን። "ስንሰናበታት ትንሽ ከበደን መሰለኝ።"

"ማዘር፣ እርስዎ ጸሎተኛ ሰው ነዎት። አንድ ጣት ካረፈባት ብለው ነበር።"

"አዎ፣ አንድ ጣት ብያለሁ" አሉ እትዬ ሸዋረጋ ሳያፍሩ። "ይሄ ሠላሳ ነው። ቁጠር ከፈለግህ።"

ልዑል መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይን እንዳለው ሰፈሩ ያወቀው ያን ቀን ነው። ሦስቱን በየተራ አያቸውና ሳቁ አመለጠው። "ተሸነፍኩ" ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ነሲባ እልል አለች።

አሁን የመናገሪያው ሰዓት ደረሰ። ጋሽ ሚልክያስ አፋቸውን ከፈቱ። ማርሹ ባዶ ላይ ነበር ሊሉ ነው፤ ማርሽ ባዶ ላይ ሆኖ ሺህ ሰው ቢገፋ መኪና ይንከባለላል እንጂ አይነሳም ሊሉ ነው፤ በቁልፍ ነው የተነሳችው፣ በእነዚህ እጆች ነው የተሠራችው ሊሉ ነው። ካላመኑ አጥፍተው እንደገና ማስነሳት ይችላሉ። ከተማሪዎቻቸው የሚጠየቅ ሰው ካለ ይመሰክራል፤ መምህር ሚልክያስ የተሳሳተ መልስ ሰሌዳ ላይ አሳድረው አያውቁም።

እትዬ ሸዋረጋ በአንድ እጃቸው የኋላውን በር ተደግፈው ቆመዋል። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማው የግቢው በር ላይ ቀርቷል። ፊታቸውን ግን ባላቸው ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ እንዲህ ሲያበራ አላዩትም።

ጋሽ ሚልክያስ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ቆጫቸው፤ አልቆጫቸውም ብል ውሸት ነው። ሄደው ነጠላ ጫማውን አነሱ፣ ጎንበስ ብለው ለሚስታቸው አጠለቁላቸው።

"አየህ?" አሉ እትዬ ሸዋረጋ የባላቸውን ትከሻ ተደግፈው። "ብቻህን እኮ አትችልም።"

"አልችልም" አሉ ጋሽ ሚልክያስ።