የዘራችን ልብ

እኛ ቤት ወንድ አልጋ ላይ አይሞትም፤ ቆሞ ይወድቃል። አያቴ ወንዝ ሲሻገር ተደፋ። ትልቁ አጎቴ ደምበጫ ገበያ በቅሎ ሲሸጥ በክርክሩ መሐል ዝም አለ፤ ገዥው የተስማማ መስሎት እጁን ዘረጋለት። ትንሹ አጎቴ ሰርግ ላይ ሲጨፍር ወደቀ። አንዳቸውም ሃምሳ አልሞላቸውም። አገሩ ግማሹ ቡዳ ነው አለ፣ ግማሹ እርግማን። እኔ ተራዬን ጠበቅሁ። አርባን ስሻገር ሞፈር መጨበጥ ተውኩ። የሚያርስልኝ የትልቁ አጎቴ ልጅ ነበር። ሳቂታ ሰው ነው፤ የራሱን ማሳ ጨርሶ ወደኔ ይመጣል።

"ልቤ ደህና አይደለም" እለዋለሁ።

"ምላስህ ግን ደህና ነው" ይለኛል።

ዘመኑ ደርግ ነው። መሬት የሕዝብ ከተባለ፣ እኔም መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ ጥቂት ዓመት ሆኗል። ጢሜ ላይ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግ "ሀ" ያልኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ወረቀት ያነበቡልኝ ሁሉ እንደፈለጉ አነበቡልኝ፤ አልረሳሁትም፣ ይቅርም አላልኩም። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም በዘር የሚወርድ የልብ በሽታ ያጠናል፣ ዘሩን ቆጥሮ የሚነግረው ቤተሰብ ይፈልጋል ሲባል ማንንም ጻፍልኝ አላልኩም። ራሴ ጻፍኩ።

ዘር መቁጠሩንማ ማን ሊያስተምረን! እዚህ አገር ልጅ ሲዳር ዝምድና እንዳይገናኝ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ድሮ ርስትም የሚገኘው በዚሁ ነበር፤ አያቱን መጥራት ያቃተው መሬት የለውም። አያቴን፣ ከሱ በታች ሁለቱን አጎቶቼንና አባቴን ከነልጆቻቸው በደብተር ዘርዝሬ፣ የአጎቴን ልጅ አስከትዬ ሄድኩ።

ሐኪሙ ከደብተሬ እያየ ወንዱን በሳጥን፣ ሴቷን በክብ ሳለ፤ ወላጅን ከልጅ በመስመር አገናኘ። ድንገት የወደቀውን አጠቆረው።

"ይህ በሽታ የልብን ሥጋ ያወፍረዋል" አለን። "ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ግን እንደ ዕጣ ነው፤ ላንዱ ልጅ ይደርሰዋል፣ ለሌላው አይደርሰውም። አባትዎስ?"

"አባቴን የወሰደው ወባ ነው። ስድሳ አልፎት ነበር።"

"እንግዲያው አልደረሰውም ይሆናል። ወይም ደርሶት ሳይታወቅ ኖሯል።"

"የትኛው ነው?"

"አላውቅም።"

የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ያን ቀን ገና ሰማሁ። ወደድኩት።

ደረታችንን በማዳመጫ ሰማ። የኔን ቶሎ ጨረሰ። የአጎቴ ልጅ ላይ ግን ቆየ፤ ይቁሙ አለው፣ ቁጢጥ ይበሉ አለው፣ ደግሞ ሰማው። "እዚህ ላይ ድምፅ አለ" አለ። ክኒን ሰጠው፤ እርሻና ሸክም ከለከለው። እኔን "ዛሬ ደህና ነው፤ ነገ ግን ሊመጣ ይችላል፤ በየዓመቱ ይመለሱ" አለኝ። ይኼ ለኔ መፈታት አልነበረም፤ ቀጠሮ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ የቀረውን ሊያጣራ ሰፈራችን መጣ። ከአያቴ ልጆች በሕይወት ያሉት አክስቴ ብቻ ናቸው። ደብተሬን ከፍቼ ስም በስም አነበብኩላቸው።

"ማን ጻፈው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ እቴቴ።"

"ጎበዝ። ተሳስተሃል።"

"የቱ ጋ?"

"አባትህ የጡት ልጅ ነው። እናቱ ከቡሬ ወዲያ፣ ከአዊ አገር፣ ባሏ ሞቶባት እሱን አዝላ መጣች። አባቴ፣ ያንተ አያት፣ አገባት። አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ሕፃኑን አጠባውና ልጄ ነህ አለው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልለየውም።"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም!"

"ነግሬህ ርስትህን ላስነቅልህ? ስንት አፉን የከፈተ ዘመድ ነበር! አሁን መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ማን ምን ይወስድብሃል?"

ሐኪሙ እስኪገባው ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። ከዚያ ላጲስ አወጣና ከአያቴ ወደ አባቴ የወረደውን መስመር አጠፋው። ያችን ታህል ጭረት! የአክስቴን ጉልበት ሳምኩ። ሐኪሙንም ሳምኩት፤ መነጽሩ ወደቀ። በሳቅ ሆዴን አመመኝ።

የአጎቴ ልጅ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። "እንኳን ደስ ያለህ፣ ጓድ ባዕድ" አለኝ። "ማሩን ጠጣህና ልቡን ለኔ ተውክልኝ።"

እሱ ሳቀ፤ የኔ ሳቅ ግን ቆመ። ሦስት ክረምት ሙሉ ደህናው ሰው ቁጭ ብሎ፣ የታመመው አርሶለታል። እኔ ማፈር የምወድ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን አፈርኩ።

በግንቦቱ እርሻ በሬዎቹን ጠምጄ በሱ ማሳ ጀመርኩ። እጄ ለምዶ የነበረውን ረስቶ ከረፋዱ በፊት ውኃ ቋጠረ፤ ትልሙም እንደ ሰካራም ሄደ። እሱ ክኒኑን ውጦ ግራር ጥላ ሥር ተጋድሟል።

"ይኼ እርሻ ነው ወይስ አይጥ ነው የቆፈረው?" ይላል።

"አርፈህ ተኛ! ሐኪሙ ምን አለህ?"

"እርሻ ነው የከለከለኝ፤ ስድብ አልከለከለኝም።"

ዳገቱ ጫፍ ስደርስ ልቤ ደረቴን ይደበድበዋል። ቀድሞ ቢሆን እዚያው ተቀምጬ እናዘዝ ነበር። በሬዎቹን አዞርኳቸውና ቁልቁል ተያያዝኩት። እሱም ከሥር ስድቡን ቀጠለ፤ እስኪመሽ አላባራም።