የኩዌክ አዲሱ ሌንስና የወጥ ቤቱ መስኮት

ኩዌክ ቡን ሄንግ ዕድሜውን ሙሉ በሲንጋፖር ጎዳናዎች አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እንደ ሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ወፍ ፎቶ ማንሳት ያዘው። ያዘው ስል እንደ ወባ ነው የያዘው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ከብሎካቸው ፊት ለፊት ያለውን ኩሬ ዞሮ ማዶ ይሻገራል። እዚያ መድፍ የሚያካክል ሌንስ የደገኑ ጡረተኞች አንድ ዛፍ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይውላሉ። የሚጠብቁት ባለ ቀንዱን ነው፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስለውን ትልቁን ጥቁርና ነጭ ወፍ።

የኩዌክ ችግር ሌንሱ ነበር። ያለው ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው ትንሹ ብቻ ነው፤ በእሱ ያነሳው ወፍ ሁሉ ዝንብ ይመስላል። በዚያ ኩሬ ዳር ደግሞ ሰው የሚከበረው በሌንሱ ርዝመት ነው። የሁሉንም መድፍ የሚያስንቅ መድፍ ያለው ጄራልድ ፔሬራ፣ የቡድኑ አለቃ መሆኑ ነው፣ "ኩዌክ ወንድሜ፣ አንተ መቼም ሥራ የለህም፤ እስቲ ይቺን ጃንጥላ ያዝልኝ" ይለዋል። ይይዝለታል። ምን ያድርግ?

በመጨረሻ አላስችል ብሎት ረጅም ዙም ሌንስ ገዛ። ሚስቱ ሲዮክ ላን ሳጥኑን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አንተ ሽማግሌ! ምንድን ነው ይሄ?"

"ሌንስ ነው።"

"ያኛውስ? ሞተ?"

"አልሞተም። ሩቅ አያይም እንጂ።"

"አንተ ደግሞ ቅርቡን አይተህ ጨረስክና!"

ከብዙ ንትርክ በኋላ ተስማሙ። ሱቁ እስከ እሑድ ማታ መልሶ ይቀበላል። ኩዌክ አንዱን ነገር በሁለቱም ሌንስ አንስቶ ያሳያታል፤ ልዩነቱ ለእሷ ዓይን ከታያት አዲሱ ይቀመጣል፣ ካልታያት ወደመጣበት ይሄዳል። "ዓይኔ ደግሞ ደካማ ነው" አለች ከወዲሁ። ወይ ተንኮል!

ባለ ቀንዱ ግን ድራሹ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ ጡረተኞቹ ባዶ ዛፍ ሲያዩ ሰነበቱ። ኩዌክም ለባዶ ዛፍ ብሎ አዲስ ሌንስ ከሳጥኑ ማውጣት አሳዘነው። እንዲህ እንዲህ ሲል እሑድ ከተፍ አለ።

የዚያን ጠዋት ኩሬው ዳር ሲደርስ አንድም ሰው የለም። ደስ አለው እንዳትሉ! ከዛፉ ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ እሽግ ሶፍቶች ተደርድረዋል። ሁሉም ሶፍቱን አስቀምጦ ቁርስ ሊበላ ሄዷል። በዚያ አገር ሶፍት ያረፈበት ቦታ የተያዘ ነው፤ የምግብ አዳራሽ ወንበር ይሁን የኩሬ ዳር ሣር፣ ሚኒስትር ቢመጣ አይነካውም። ስለዚህ ኩዌክ፣ ሰው የሌለበትን ያን ሁሉ ሜዳ ትቶ፣ "ይቅርታ" እያለ በሶፍቶቹ መሃል በጥንቃቄ ተራመደና ከቀርከሃው ቁጥቋጦ ጀርባ የቀረችው ጥግ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዛፉ ጭራሽ አይታይም። የሚታየው ኩሬው ማዶ ያለው የራሱ ብሎክ ነው።

"ሌንስ ለመፈተን የግድ ወፍ አያስፈልግም" ብሎ ራሱን አጽናና። ብሎኩ እንደ ወትሮው ከየመስኮቱ በወጣ ዘንግ ላይ ልብስ አስጥቷል። ኩዌክ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የራሱን መስኮት ፈለገ፤ ጥንቸል የተሳለበት ቢጫ አንሶላቸው አለ። መጀመሪያ በትንሹ ሌንስ አነሳ። ፎቶው ላይ የወጣው ፎቅ ብቻ ነው፤ ከፎቁ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ። ቀጥሎ ረጅሙን ገጠመና ዓይኑን አስጠጋ።

ወይ ጉድ! የጥንቸሎቹ ጢም ሳይቀር ይቆጠራል። ከአንሶላው አጠገብ ደግሞ ሲዮክ ላን አለች። የእሱን የድሮ የሹፌርነት ሸሚዝ ለብሳ፣ ክንዷን በመስኮቱ ዘርግታ፣ ለባለ ቀንዱ ፓፓያ ታጎርሳለች!

ይቺ ሴት "ለስኳርህ አይሆንም" ብላ ፓፓያ ከገበታው ካነሳች ቆይታለች። ለካ የሚሄደው እዚህ ነው። ኩዌክ ሊናደድ ሲል አንድ ነገር አየ፤ ትስቃለች። አፏን ሳትሸፍን፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። እንዲህ ስትስቅ መቼ እንዳያት ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው። ጣቱ ግን ሥራውን አልረሳም፤ አነሳት።

"ምን አገኘህ?" ፔሬራ ነው። ቡድኑን አስከትሎ፣ እንደ አገሩ ልማድ ሻዩን በፌስታል አንጠልጥሎ መጥቷል።

"ልብስ።"

"የምን ልብስ?"

"የታጠበ።"

"አዲስ ሌንስ ነው እንዴ? እንግዲያው ይመረቃል! ወዲህ በለው!"

እዚያ ቡድን ውስጥ የአዲስ ሌንስ የመጀመሪያ ፎቶ በየእጁ ይዞራል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ኩዌክ አሁን ያነሳውን ፎቶ አሰበ። ቢያሳያቸው የጃንጥላ ነገር ዛሬውኑ ያበቃል፤ ሁሉም ያጣውን ወፍ ያገኘው እሱ ነው። ግን በዚያ ከተማ የዱር ወፍና እንስሳ መመገብ ያስቀጣል፣ የፔሬራ አፍ ደግሞ ክዳን የለውም። ከነገ ጀምሮ ያ ሁሉ መድፍ ወደ ወጥ ቤቱ ይዞራል። እሷም ከዚያ በኋላ መስኮት አትከፍትም። እናም በትንሹ ሌንስ ያነሳውን ፎቶ አውጥቶ ሰጣቸው።

ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፔሬራ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

"ይሄ... በአዲሱ ነው?"

"በአዲሱ ነው" አለ ኩዌክ።

"አይ ወንድሜ! ወፍ ይቅርና ፎቁን እንኳ በቅጡ አላየውም እኮ! ሸውደውሃል!" ሳቁ ከኩሬው ዳር እርግቦቹን አስነሳ። "ዛሬውኑ መልስላቸው። እስከዚያው ይቺን ጃንጥላ ያዝልኝ።"

ያዘለት።

ቤት ሲገባ ለሲዮክ ላን ሁለቱንም ፎቶ አሳያት። በመጀመሪያው ላይ ብዙም አልቆየችም። ሁለተኛውን ስታይ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

"ማን አየው?"

"ማንም።"

"ፔሬራስ?"

"ለፔሬራ ፎቁን ነው ያሳየሁት። ሌንሱ ዕውር ነው ብለው ሲስቁብኝ ዋሉ።"

ፎቶውን ደግማ አየች። "ልዩነቱ ታይቶኛል" አለች በመጨረሻ። "በል፣ አስቀምጠው።"

አሸነፈ ማለት ነው። እልል ሊል ሲል ባለ ቀንዱ ራሱ መስኮቱ ላይ ዱብ አለ። ኩዌክ ረጅሙን ሌንስ ደገነ፤ ጭጋግ ብቻ። ለካ ያ ሌንስ ቅርብ ያለ ነገር አይዝም። ወደ ኋላ ሄደ፣ ጀርባው ፍሪጁን ገጨ፤ አሁንም ጭጋግ። በሩን ከፍቶ ኮሪደር ወጣ፤ ከዚያ ደግሞ የሚታየው የፍሪጁ ጎን ነው።

"አንተ ሽማግሌ" አለች ሲዮክ ላን ከመስኮቱ ሳትዞር። "እኔን አጥርተህ ለማየት የግድ አሥራ አንድ ፎቅ ወርደህ ኩሬ መዞር አለብህ?"

ኩዌክ ከኮሪደሩ ተመልሶ ገባ። ትንሹን ሌንስ ገጥሞ ቀረብ አለና አነሳት። ጥርት ብላ ወጣች፤ ወፉም፣ ፓፓያውም፣ የሸሚዙ የላላ ቁልፍም።

ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ረጅሙን ሌንስ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ በአውቶቡስ ወስዶ መለሰው። ማንም አላስገደደውም። "ምን ጉድለት አገኙበት?" ሲሉት "ምንም፤ ቤታችን ጠባብ ሆነበት" አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኩሬው አልሄደም። ወጥ ቤት ሲገባ መስኮቱ ሥር ሁለት በርጩማዎች አሉ። በአንዱ ሲዮክ ላን ተቀምጣ ፓፓያ ትልጣለች። በሌላው ላይ አንድ እሽግ ሶፍት አለ። ኩዌክ ሕግ አክባሪ ነውና ካሜራውን ይዞ ቆመ።

"ማን ይዞት ነው?" አለ።

"ተቀመጥ እንጂ!" አለችው። "ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ ለአንተ ተይዞ ነው ያለው።"

ኩዌክ እሽጉን አነሳ። ፕላስቲኩ ከፀሐይ ብዛት ነጥቷል። ኪሱ ከተተውና ተቀመጠ።