ሜዳ ላይ የቆመችው መኪና

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ አሮጌ መኪና አልነሳ ብላ ስታቃስት ሰማኋት። የአሰላ ብርድ ብረቱንም ሰውንም ያደነዝዛል። ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ ጋቢውን እንደደረበ ወጥቶ ኮፈኑን ያስከፍት ነበር። እኔ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አዳመጥኩ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እጄ ይዘገያል።

የአባቴ መኪና እንዲህ ታስቸግር በነበረ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የገብስ ነጋዴ ነበር፤ አረንጓዴ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ክረምት ሲገባ ቁልፍ አዙሮ ማስነሳት ዘበት ነው። ስለዚህ እንደ ብዙው የከተማችን ባለመኪና፣ ማታ ከበራችን ፊት ያለው ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል። ጠዋት ፍሬኑን ለቅቆ ስትንደረደር በማርሽ ያስነሳታል። ቁልቁለት ላይ ያለ ቤት ኪራዩ ይወደዳል እያሉ ሰዎች ይቀልዱ ነበር።

በዚያ ክረምት ሮቤ ያለችው አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ታማ ተኛችና “ልጄን አምጡልኝ” ብላ ላከች። እናቴ ገብስ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ ጭኮ አዘጋጀችላት። አባቴም “ነገ እወስድሻለሁ” አላት። ማታ ግን ሌባ በዝቷል ብሎ መኪናዋን ግቢ አስገብቶ ሜዳው ላይ አቆማት። ሲነጋ እምቢ አለች። ጎረቤታችን ኦቦ ሁሴን ከልጆቹ ጋር መጥቶ ገፋ፤ ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ተንሸራተቱ እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

“ታደሰ፣ ይቺ በቁልፍ አትነሳም፤ በጅራፍ ሞክራት” አለው ኦቦ ሁሴን አባቴን፣ ጭቃውን ከሱሪው እየጠረገ።

እናቴ በጭነት መኪና ልሂድ አለች። አባቴ ተቆጣ። “መኪና እያለኝ ሚስቴ ከኩንታል ጋር ትጫን? ሰው ምን ይለኛል?”

ጭኮውን ቁርሱ አደረገው። እናቴ ሌላ ሠራች፤ መኪናዋ እንደገና እምቢ አለች፤ ያንንም በላው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ “ለአማቴ ጸልዩልኝ፤ ልሄድ ብል መኪናዬ ከለከለችኝ” ሲል ምእመናኑ አዘኑለት። በገበያው ቀን ዋዜማ መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ አደረች፤ ጠዋትም ተነሳች። እኔ ይህን አላስተዋልኩም ነበር።

በግቢያችን አንዲት ክፍል የተከራየ፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር። ኋላ ባሌ ሆነ፤ ያኔ ግን ቲቸር ነበር የምለው። አባቴ ለጸሎት ስብሰባ በሄደበት አንድ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ኮፈኑን ከፈተ። እናቴ ጃንጥላ ያዘችለት።

“እትዬ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር የባትሪውን ጉልበት ይበላዋል። እሳት ለሚሰጠው ለዚህ ኮይል የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። በዚያ ላይ ኮይሉ እንዳይግል መስመሩ ላይ ኃይል የሚቀንስ ነገር አለ። ስትነሳ ብቻ እሱን የሚዘል ሽቦ ከሞተሪኖው እዘረጋላታለሁ፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጠንካራ እሳት ያገኛል።”

“ቁልፉ ሲለቀቅስ?” አልኩት።

“ሽቦው ዝም ይላል፤ ኃይሉ በድሮ መንገዱ ይሄዳል።”

እናቴ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው። “እናቴን አያታለሁ ማለት ነው?”

“ያዩዋታል” አላት።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። እናቴ አዲስ የሠራችውን ጭኮ ይዛ ገቢና ገባች። ኦቦ ሁሴን ሊገፋ እጅጌውን ሰብስቦ ቆመ፤ ቲቸርም አጠገቡ ነበር። አባቴ እንደማትነሳ እርግጠኛ ሆኖ ቁልፉን አዞረ። ወዲያው ተነሳች።

“ያ ረቢ፣ ዛሬስ ከሥራ አስወጣችን” ብሎ ኦቦ ሁሴን ሳቀ።

አባቴ ሞተሩን ትንሽ አዳመጠና አጠፋው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

“ማን ነካት?”

“እኔ ነኝ ጋሼ።”

“ጎበዝ” አለው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ “ውረጂ” አላት።

“ተነሳች እኮ።”

“ተነሳች። እኔ ግን አልሄድም። እናትሽ ሽማግሌዎቼን ደጃፏ ላይ በዝናብ አቁማ ‘ልጄን ለገብስ ቸርቻሪ አልሰጥም’ ስትል ማን አዘነልኝ? አሁን እሷ ደጅ ደጁን እያየች ትቆይ።”

ኦቦ ሁሴን መሬት መሬቱን አየ። እናቴ ቀስ ብላ ወረደች።

“ለገበያ ሲሆን ቁልቁለቱ ላይ፣ ለእናቴ ሲሆን ሜዳው ላይ ታቆማት ነበር” አለችው። “አይቻለሁ። ሌባ ፈርቶ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር።”

“እንግዲህ አወቅሽ” አላት፤ ፈገግ ብሎ።

ጭኮዋን በነጠላዋ ቋጥራ በእግሯ ወጣች። ገብስ በጫነ መኪና ላይ ኩንታል ተደግፋ ሮቤ ስትደርስ ድንኳን ተተክሎ አገኘች። አያቴ እስከ መጨረሻዋ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር “መጣች?” ትል እንደነበር ለቀስተኞቹ ነገሯት። ያጽናኗት መስሏቸው ነው።

አባቴም እኔን ይዞ መጣ። ፒክአፗ ቁልፍ እንደነካት እየተነሳች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጭኖ። ከሁሉ በላይ ድምፁን አሰምቶ አለቀሰ። “እንዲህ ያለ አማች አይተን አናውቅም” አሉ የሮቤ ሰዎች። ስንመለስ እናቴ ገቢና አልገባም ብላ ከኋላ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ዝናብ ነበር።

“ግቢ፣ ሰው ያያል” አላት።

“ይየኝ” አለችው። ከዚያ ወዲህ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከጎኑ ተቀምጣ ስትሄድ አላየኋትም።

ባለቤቴ ይህን ነገር እስኪሞት ያነሳው ነበር። “ያን ሽቦ ባልዘረጋው ኖሮ፣ እናትሽ መኪናዋን ትረግም ነበር እንጂ ሰውየውን አትጠላም ነበር” ይለኛል። እኔ ደግሞ “እውነቱን ማወቋ አይሻልም?” ብዬ እሞግተው ነበር። ወጣት ሳለሁ ይህን ማለት ቀላል ነበር።

ልጃችን አዳማ ነው የሚኖረው። አባቱ በታመመባቸው ወራት አንድ ቀን አልመጣም። “መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ነው እማ” ይለኝ ነበር። ከአዳማ አሰላ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ እንዳለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ለቀብሩ በዚያችው መኪና መጣ፤ ታጥባ ታብረቀርቃለች። መኪናዋ ምን ሆና እንደነበር ልጠይቀው ብዬ ጥያቄው አፌ ድረስ ይመጣል። ትናንትም ደውሎ ነበር። እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ፣ ብርድ እንዳይመታው ነግሬው ስልኩን ዘጋሁት።