የባለጣቱ ጣት

እኔ ሞተር አልፈታም፤ አጥባለሁ። ባሌ ሲሊንደሩን ፈግፍጎ ሲጨርስ ብሎኩን፣ ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተር ብረት፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና የማጥበው እኔ ነኝ። ከዚያ እሱ ጣቱን ሰዶ ይፈትሻል፣ እኔ ተከትዬ በነጭ ጨርቅ እወለውላለሁ። ጨርቁ ጥቁር ከወጣ የመፈግፈጊያው ድንጋይ ዱቄት ውስጡ ቀርቷል ማለት ነውና እንደገና ሳሙና። ነጭ ካልወጣ አርፌ አልቀመጥም። ያን ቀን ግን ጨርቁን ሳወጣው ቀይ ነው።

መጀመሪያ ዝገት መስሎኝ ነበር። የምን ዝገት! ደም ነው፣ ትኩስ ደም። የራሴን እጅ ገለባብጬ አየሁ፤ ምንም የለም። ዞር ስል ባሌ አራተኛው ሲሊንደር ውስጥ ጣቱን ከትቶ ለሚኒባሱ ሾፌር "መስታወት ሆኗል፣ አትስጋ" እያለ ያወራል። ደሙ በብሎኩ ጎን ወርዶ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ሰውየው አያውቅም!

"አንተ ሰው፣ ጣትህ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ሆነ?" ብሎ ቀና አለ።

የጠቋሚ ጣቱን ጫፍ የብሎኩ ጠርዝ እስከ ሥጋው ሰንጥቆታል። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባሌ ጣቱን የሌላ ሰው ይመስል አገላብጦ አየውና "አላመመኝም" አለ። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ።

ይሄ ጣት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሾፌሩ ሁሉ ባሌን የሚጠራው "ባለጣቱ" ብሎ ነው። ሞተሩ ዘይት መብላት ጀምሮ፣ ትልቅ ጋራዥ ወስዶ ሲሊንደሩን ለማስፋትና አዲስ ፒስተን ለመግዛት አቅም ያጠረው ሰው ወደኛ ይመጣል። ባሌ ድሪሉ ላይ ሦስት እግር ያለውን ድንጋይ አስሮ፣ ናፍጣ እያንጠባጠበ፣ ላይ ታች እያለ ይፈገፍግለታል። ከዚያ ፒስተኑ አዲስ ፋሻ፣ ማለትም ቀለበቱን፣ ያጠልቃል፤ መኪናው ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ግን ሲሊንደሩ ብዙ ካልተበላ ነው። ከመጠን በላይ የተበላው አፉ ጋ ደረጃ ይሠራል፤ አዲስ ፋሻ ቢገባለትም ማጨሱን አይተውም። ሌላው መካኒክ በመለኪያ ይለካል፤ የኔው ጉድ በጣቱ። "ይሄ አይሆንም፣ ውሰደው" ካለ አለቀ፣ ማንም አይከራከረውም። ሃያ ሁለት ዓመት ያኖረን ይሄ ጣት ነው።

ሾፌሩን "ይሄ ሞተር አይገጠምም፣ ሌላ ቦታ አስለካው" ብዬ ሸኘሁትና በሩን ዘጋሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ጣቱን በጨርቅ መጠቅለል ያዘ።

"አንተን እኮ ነው!"

"ከዓምና ክረምት" አለኝ። መጀመሪያ ይነዝረው ነበር፤ ከድሪሉ ነው ብሎ ናቀው። በኋላ መንዘሩን ተወው፤ ተሻለኝ ብሎ ደስ አለው። ተሻለኝ! ለካ ያን ጊዜ ነው ጣቱ ጨርሶ የሞተው።

"እና እስከ ዛሬ ምኑን ነው ስትዳስስ የኖርከው?"

"በልምድ..." አለና አንገቱን ደፋ።

ባዶው ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ከዓምና ወዲህ ሦስት ሞተር እየጨሰ ተመልሶብናል። ሦስቱንም ጊዜ ባሌ "ፋሻው ፎርጅድ ነው" አለ። ፋሻውን የሚሸጥልን ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሦስተኛው ሲመለስ እኔው ራሴ ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ደንበኞቹ ፊት፣ "ጋሼ፣ አንተ ሌባ ነህ!" አልኩት። የእናቴን ልጅ! አልመለሰልኝም። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይመልስልኝ ነበር ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ዓይኑን አላየሁትም።

በማግስቱ ባሌን እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ጣቱን በመርፌ ወጋችው፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። መሣሪያው ያወጣውን ቁጥር ስታይ ደንግጣ ደግማ ለካችው። ስኳር ነው፤ ስንት ጊዜ ውስጥ ውስጡን ሲበላው የኖረ ስኳር። ሐኪሙ ጫማውን አስወልቆ፣ ዓይኑን አስጨፍኖ፣ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ በጥጥ ነካካው። ሁሉንም ነክቶ ሲጨርስ ባሌ እንደጨፈነ "ገና አልጀመሩም እንዴ?" አለ።

እግዚኦ! አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ባሌ ካልሲውን ሲያጠልቅ ሐኪሙ ወደኔ ጠጋ ብሎ "ስኳሩን እናወርደዋለን፤ የጠፋው ስሜት ግን አይመለስም። ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር" አለኝ።

ባሌን ቤት አድርሼ በቀጥታ ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። የፋሻ ካርቶን ይዞ መደርደሪያው ሥር ቆሟል።

"ጋሼ፣ ፋሻህ ደህና ነበር። ጥፋቱ የጣቱ ነው፤ ደንዝዟል" አልኩት ገና ከበሩ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"አውቃለሁ። ዓመት አለፈው። እዚህ በር ላይ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ጎንበስ ብለን ስናይ፣ የጋለ ብረት ላይ እጁን አሳርፎ ያወራኛል። ቆዳው ሲሸተኝ እጁን ያነሳሁለት እኔ ነኝ። እሱ ወሬውን አላቋረጠም።"

ያን ቁስል አውቀዋለሁ። የራዲያተር ውሃ ነው ብሎኝ እኔው ነኝ ቅባት የቀባሁለት።

"ታዲያ ሌባ ስልህ ለምን ዝም አልክ?"

"እኔ ሌባ ብባል ሌላ ሰፈር ሄጄ እሸጣለሁ። ባለጣቱ ጣቱ ደንዝዟል ከተባለ ማን ሞተር ያመጣለታል? ልጆችሽስ? የድሪሉ ንዝረት ነው፣ ትንሽ ሲያርፍ ይለቀዋል ብዬ ነው።"

"ስኳር ነው፣ ጋሼ።"

ካርቶኑ ከእጁ አምልጦ ፋሻው ወለሉ ላይ ተበተነ።

"ስኳር? ታዲያ ያኔ ነግሬሽ ቢሆን..." አለና መጨረስ አቃተው። ስድቤን ሦስት ወር ጸጥ ብሎ የተሸከመ ሰው፣ አሁን መቆም አቅቶት መደርደሪያውን ያዘ። "ይመለስለታል ብለዋል?" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄበት ነበር። ጮኼ ልነግረው የሐኪሙ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

"ይመለሳል፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው አሉ" አልኩት፣ ፊቴንም እንዳያየው ጎንበስ ብዬ ፋሻውን መልቀም ጀመርኩ።