ሁለት ጀልባ፣ አንድ ቤተሰብ

እንጅባራ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩት በገበያ ቀን ነው። ዋና አዘጋጁ ጋሽ ይስማው መቅረጸ ድምፅ ሰጡኝና የገበያ ዜና ይዘህ ና አሉኝ። ይዤ የተመለስኩት ዜና «ገበያው እጅግ ደምቆ ውሏል» ብሎ ይጀምራል። ጋሽ ይስማው «እጅግ»ን ሰረዙ፤ ቀጥለው «ደምቆ»ን ሰረዙ። ከዚያ ቀና ብለው ድንች በስንት እንደተሸጠ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ተመልሼ ስሄድ ድንቹ አልቆ ሻጮቹ ወደየቤታቸው እየገቡ ነበር። አንዷን መንገድ ላይ ደርሼባት ስጠይቃት ገዢ መሰልኳትና በሚቀጥለው ገበያ ና አለችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ «የቱ ይሻላል?» የተባለውን ዝግጅት ያዝኩ። አድማጮች የሚመሳሰሉ ሁለት ዕቃዎችን ወይም አገልግሎቶችን ይጠቁማሉ፤ እኔ ሄጄ አይቼ፣ አወዳድሬ አቀርባለሁ። ደንቡ ቀላል ነው። ሁለቱንም በእጅህ ትነካለህ፣ ለሁለቱም ባለቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቃለህ፣ ከሁለቱም ቤት ምሳ አትበላም። ከባዱ የመጨረሻው ነው።

ጥሊሊ ላይ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወፍጮ ቤቶች ነበሩ። ያንኑ ጤፍ በሁለቱም አስፈጨሁና ዱቄቱ ልዩነት የለውም ብዬ ዘገብኩ። በማግስቱ ሁለቱም ባለወፍጮዎች ጣቢያው ድረስ መጡ። አንደኛው «ከእሱ እኩል ነህ ብለህ በሬዲዮ ሰደብከኝ» አለኝ። ሁለተኛው ምን ሊል እንደመጣ ጠየቅሁት። እሱም ይህንኑ ነው አለ። ሲወጡ አብረው ነበር የወጡት።

ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ፋሲካ ሲቃረብ ነው። ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ወንድሞች አሏት። ታላቁ አቶ ዘለቀ ዘንገና አካባቢ የሚኖር ገበሬና የታወቀ ፈረሰኛ ነው። ታናሹ አቶ ሙሉነህ ጫግኒ ውስጥ እህል ይነግዳል። በአባታቸው መሬት ላይ ለከሰል የተተከለ የዲከረንስ ዛፍ ነበር። ሙሉነህ ታላቅ ወንድሙን ሳያማክር አስቆረጠው፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እናታቸው እማማ የሻረግ የሚኖሩት ከጥሩዬ ጋር ነው። በዓል ሲመጣ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት እየመጣ ይጠይቃቸዋል። ለሁለቱም ሲሉ ሁለት ጊዜ ምሳ ይበላሉ።

«ሽምግልና ብላቸው አይመጡም፤ ሞክሬዋለሁ» አለችኝ። «ጣና ላይ በጀልባ እንንሸራሸር፣ ገዳም እንሳለም፣ እናታችንም ትደሰት ስላቸው ሁለቱም እሺ አሉ። አሁን ደግሞ በጀልባው ተጣሉ።»

ባሕር ዳር ወደብ ላይ ጎን ለጎን የሚታሰሩ ሁለት የሽርሽር ጀልባዎች አሉ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ዘለቀ አረንጓዴው ካልሆነ አልሄድም ብሏል። ሙሉነህ ሰማያዊው ካልሆነ አልሄድም ብሏል። ሁለቱም ግን ዝግጅቴን ያዳምጣሉ፤ ጋዜጠኛው የሚለውን እንቀበላለን ማለታቸውንም ነገረችኝ።

እኩል ከሆኑ እኩል ናቸው ብዬ እንደምዘግብ አስቀድሜ ነገርኳት።

«እኩል ካልክማ እያንዳንዱ በየጀልባው ይሄዳል» አለች። «በሁለት ጀልባ ከሄድን ሽርሽር አይደለም፤ ስደት ነው።»

ከመሄዴ በፊት ወንድሞቹን አነጋገርኩ። ሙሉነህ ሁሉም ነገር ሰማያዊው ላይ የተሻለ መሆኑን አስረዳኝ፤ ሰማያዊውን አይቶት ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ሰው ነግሮኝ ነው አለ። ዘለቀ አረንጓዴውን በሩቁ አይቶታል። የሚያሳስበው አንድ ነገር ነበር።

«ደንባራ ነው ወይ?» አለኝ።

ጀልባ እንደ በቅሎ እንደማይደነብር ነገርኩት። ተቀምጠህበታል ወይ አለኝ። አልተቀመጥኩም አልኩ። «እንግዲያው ተቀምጠህበት ንገረኝ» አለና ወደ ፈረሱ ሄደ። ልክ ነበር።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ሰሞን በሚኒባስ ባሕር ዳር ገባሁ። ሁለቱን ጀልባዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ፤ እኩል ናቸው። ሞተራቸው አንድ ዓይነት ነው። ላይፍ ጃኬታቸውን ቆጠርኩ፤ እኩል ነው። የሠራቸው ብየዳ ቤትም አንድ ነው። የሰማያዊው ባለቤት የአረንጓዴው ሞተር እንደሚጮህ ነገረኝ። የአረንጓዴው ባለቤት የሰማያዊው ሞተር እንደሚጮህ ነገረኝ። ይህን የሚነግሩኝ አንዱ ከሌላው በተዋሰው ጀሪካን ነዳጅ እየሞሉ ነው።

ከዚያ ከተሳላሚዎች ጋር በሰማያዊው ተሳፈርኩ። መሳፈሪያው በፊት በኩል ነው፤ አግዳሚዎቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እኛ ቦታችንን ከያዝን በኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ ገቡ። ተሳፋሪው በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ጀልባው ወደ ግራ አዘነበለ። ቄሱ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ የጣሪያውን ብረት ያዙ። ገና ሳንረጋጋ አንዲት አሮጊት ገቡ፤ ሰው ሁሉ እንደገና ብድግ አለ። ባለጀልባው በልመና ድምፅ፣ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እውኃ ላይ ክብሩ በልብ ይሁን» አለ። የሰማው የለም።

ስመለስ የተሳፈርኩበት አረንጓዴው ግን መሳፈሪያው በኋላ በኩል ነው። ወንበሮቹም እንደ አውቶቡስ ወደ ፊት ይመለከታሉ። ማን እንደገባ አይታይም፤ ስለዚህ ማንም ለማንም አይነሳም። ጀልባው ቀጥ እንዳለ ነው። አንድ ሽማግሌ ግን ከኋላዬ ተቀምጠው ጉዞው እስኪያልቅ የዛሬ ሰው እንዴት እንደተበላሸ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

ዘገባዬን እንዳየሁት አቀረብኩ። ርዝመቱ፣ ሞተሩ፣ ላይፍ ጃኬቱ እኩል ነው፤ ልዩነቱ መሳፈሪያው ነው፤ በሰማያዊው ሰው ለሰው ይነሳል፣ ጀልባውም ይወዛወዛል፤ በአረንጓዴው ማንም አይነሳም፣ ጀልባውም አይወዛወዝም። ጋሽ ይስማው ጽሑፉን አንብበው ምንም አልሰረዙም። እንዲህ ያለ የውኃ ትራንስፖርት ዘገባ ግን ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ዝግጅቱ በተላለፈ ማግስት ጥሩዬ ደወለች። ድምጿ የደከመ ነው። ዘለቀ ማንም የማይነሳልኝ ጀልባ ላይማ አልሳፈርም ብሎ ወደ ሰማያዊው ዞሯል። ሙሉነህ ደግሞ ልጆቼ ዋና አይችሉም፣ የማይወዛወዘው ይሻለኛል ብሎ ወደ አረንጓዴው ዞሯል። የሙሉነህ ልጆች ዋና አለመቻላቸው እውነት ነው። እሱ ራሱ ለዘለቀ መነሳት አለመፈለጉም እውነት ነው።

እንደገና ላወዳድርላት እንደማልችል ነገርኳት። «ሁለቱም እኮ በየተራ ሰማያዊውን መርጠዋል» አለች። ለሙሉነህ መጀመሪያ ያልከው ጸደቀ ብላ ነገረችው። ለዘለቀ መጨረሻ ያልከው ጸደቀ አለችው። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው፤ ላሸነፉበት ጀልባ ደግሞ አልሄድም ማለት አልቻሉም።

በጉዞው ቀን እኔም አብሬ ሄድኩ። እማማ የሻረግ መሀል ተቀመጡ። ሙሉነህ ቀድሞ ገብቶ ጥጉን ይዞ ውኃ ውኃውን ያያል። ዘለቀ ጋቢውን ደርቦ፣ አለንጋውን ይዞ በመጨረሻ ገባ። ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የሁለቱም ወንድሞች ሚስቶች ሁሉ «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ። ሙሉነህ አልተነሳም። ጀልባው አዘነበለ፤ ባለጀልባው ተቀመጡ ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ዱብ ዱብ ብለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ሙሉነህና ዘለቀ ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ያን ጊዜ ሙሉነህ ተነሳ።

ሙሉነህ ወፍራም ሰው ነው። ጀልባው ወደ እሱ አጋደለ። ዘለቀ አንድ እጁን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣

«ተቀመጥ፣ አንተ ልጅ። ታሰምጠናለህ» አለ።

«እርስዎ ሳይቀመጡ?» አለ ሙሉነህ።

«አንተ ተቀመጥ እላለሁ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ። እርስዎ ይቅደሙ።»

ዘለቀ አልተቀመጠም፤ ሙሉነህም አልተቀመጠም። ባለጀልባው ሁለቱ ካልተቀመጡ ሞተር አላስነሳም አለ። ጥሩዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከተቀመጥኩበት አይታየኝም ነበር፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም። እማማ የሻረግ ግራና ቀኛቸውን አስለቀቁና «ኑ፣ እዚህ» አሉ። ሁለቱም መጥተው በግራና በቀኛቸው ተቀመጡ። ጀልባው ተስተካከለ።

ሞተሩ እንደተነሳ ዘለቀ ስለ ዲከረንሱ ጀመረ። ሙሉነህ መለሰ። ገዳሙ እስክንደርስ ድረስ እናታቸውን መሀል አድርገው ተጨቃጨቁ። ጥሩዬ ዝም ልታሰኛቸው ስትል እማማ የሻረግ እጇን ያዙና፣ «ተያቸው። ድምፃቸውን አንድ ላይ ልስማ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አወዳድሬያለሁ። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምላችሁ አጭር ነው። ሁለት ተመሳሳይ ነገሮችን ከመለካታችሁ በፊት ጠያቂው ለምን እንደሚፈልጋቸው ጠይቁ። ከዚያ እሱ የፈለገውን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ። ምርጫው የእሱ ነው።