ቶሎ የተሰማ ምርቃት

ልጄ ወታደራዊ ማሰልጠኛ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ አብጦ አላራምድ አለው፤ ሐኪሞቹም ለስልጠናው አትሆንም ብለው አሰናበቱት። መናኸሪያ ልቀበለው ስሄድ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «እማዬ፣ እስኪመሽ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እንቆይ» የሚል ነበር። የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻችን ግቢ ወጥተው መርቀው ስለሸኙት በቀን መግባት አፍሯል። እኔ ደግሞ ወደ ገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ተደብቄ አልገባም አልኩና በጠራራ ፀሐይ ይዤው ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት አሮጊት ጎረቤታችን ቀድመው አዩን። የወሎ ሰው ናቸው፤ በሽኝቱ ቀን እጃቸውን ዘርግተው የመረቁትም እሳቸው ነበሩ። ምነው ቶሎ መጣህ ይሉታል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አቅፈው ሳሙትና ማቀርቀሩን ሲያዩ ተቆጡ።

«አላህ በሰላም ይመልስህ ብዬ ስመርቅህ፣ አሜን ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ እማማ።»

«ታዲያ ዱዓዬ ቶሎ ቢሰማልኝ ምን ያሳፍርሃል?»

ልጄ ቀና አለ። እኔም ሻንጣውን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ፣ በሽኝቱ ቀን ሳለቅስ ያመለጠኝን አሜን አሁን አልኩ።