ሽታ ሳላውቅ የፈረድኩበት ጥብስ

የነፍስ አባቴ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ኃጢአቴን ሰምተው ሲጨርሱ «ሌላስ?» ይሉኛል። ሌላ የለም አባ፣ እላለሁ። ውሸቴን ነው። ሌላ አለ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለእናንተ የምነግራችሁ ከእሳቸው አብልጫችሁ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ከሰሙኝ «ሂድና ለራሷ ንገራት» ይሉኛል፣ እናንተ ግን አንብባችሁ ዝም ነው የምትሉት። እንዲህ ያልኩ ፈሪ መሆኔን ከወዲሁ እወቁት።

ቢቸና ውስጥ እኔ ሥጋ አዋቂ ነበርኩ። እንጀራዬ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ማገላበጥ ነው፤ በሱ ግን ማንም አያውቀኝም። የምታወቀው በአፌ ነው። አንድ ጉርሻ ጥብስ ቀምሼ በሬው የደጋ ይሁን የቆላ፣ ከታረደ ምን ያህል እንደቆየ፣ ቅቤው የዘንድሮ ይሁን የአምና እናገር ነበር። አልሳሳትም ነበር፤ ይህን ሳልኩራራ ነው የምነግራችሁ። ስለዚህ አዲስ ጥብስ ቤት ሲከፈት እኔ እጠራለሁ። ሸክላው ከነፍሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰዉ እጁን ታጥቦ ይከባል፣ ግን ማንም አይነካም። «መጀመሪያ ጋሼ ይቅመሱ» ይባላል። እቀምሳለሁ። ሁሉም ሥጋውን ትቶ የእኔን ፊት ያያል። ራሴን ከነቀነቅኩ ጣፍጧል፣ ፊቴን ካጨማደድኩ አልሆነም ማለት ነው። መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም እንደዚያው ናቸው። ምላሳቸውን ቤታቸው አስቀምጠው የሚመጡ ሰዎች! ድሮም ንቄያቸው ነው የኖርኩት፤ ዛሬም እንቃቸዋለሁ።

ያ ሳል አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ጊዜ እኔንም ጣለኝ። ሁለት ሳምንት ተኝቼ ተነሣሁ። ሌላው ሁሉ ተመለሰልኝ፤ አፍንጫዬ ግን ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሽንኩርት ሲቁላላ አይሸተኝም። ወተት ገንፍሎ ቤቱን ሲያጨሰው እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ራዲዮ እሰማለሁ። ጨው ጨው መሆኑን ምላሴ ይለያል፣ ሚጥሚጣም ያቃጥለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋና ካርቶን አንድ ሆኑብኝ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም። ለሚስቴ እንኳን አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም? ሥጋ አዋቂነቴን ብትወስዱብኝ ምን ይቀረኛላ? የፋይል አቧራ የሚያራግፍ ሽማግሌ ነዋ የሚቀረው።

ለጥቂት ጊዜ በዓይኔ አጭበረበርኩ። የጮማውን ቀለም አያለሁ፣ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ፊት እሰልላለሁ፣ ከዚያ እፈርዳለሁ። አንድ ቀን ግን በአማቼ ቤት የቀረበውን ጥብስ «ቅቤው ግሩም ነው» ብዬ ሳሞግስ አንዲት ሴት እጇን ከሳህኑ መልሳ ቀና ብላ አየችኝ። ቅቤው ተበላሽቶ ኖሯል።  እኔም የጎረስኩትን ውጬ ሌላ ወሬ አነሣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አሰላሁ፤ ሰው ሲያሞግስ ነው የሚያዘው፣ ሲያጣጥል ማንም አይዘውም።

ትርንጎ ደጃፏን የከፈተችው በዚያው ሰሞን ነው። ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ድግስ ወጥ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። በቢቸና ልጁን የዳረ፣ ተዝካር ያወጣ ሁሉ የእሷን እጅ በልቷል፤ እሷ ግን ሁልጊዜ ጓሮ፣ ሁልጊዜ ጭስ ውስጥ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከወላጆቿ የወረሰችውን ቤት የፊት ግድግዳ አፍርሳ፣ በመናኸሪያው በኩል በር አውጥታ ጥብስ ቤት አደረገችው። ያ ቤት ካልቆመላት ተመልሳ የሰው ጓሮ መግባቷ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

የዳግም ትንሣኤ ዕለት ጠራችን። ሸክላውን ራሷ ይዛ መጣች፣ አስቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ጥብሱ ይንተከተካል፤ ቃሪያው፣ የጥብስ ቅጠሉ ከላይ ተደርድሯል። እንዲቀርብ እንደሚገባው ነበር የቀረበው። ጎረስኩ። አኘክሁ። ምንም! ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያል፤ እሷም አፌን ታያለች። ስለ ጨው ማውራት እችል ነበር፤ ጨው አውቃለሁ። ጠንክሯል ማለትም እችል ነበር፤ ጥርስ አለኝ። እኔ ግን ከቃል ሁሉ መርጬ ለመናገር ምንም መብት ያልነበረኝን ቃል ተናገርኩ።

«ይሸታል» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! መምህሩ አንድ ቁራጭ ጎረሰና የሐሞት ሽታ ነው አለ። የባንክ ሠራተኛው የለም፣ የላምባ ነው ብሎ ተከራከረው። ነጋዴው ከሰሉ እርጥብ ስለሆነ ነው ብሎ ፈረደ። ወጉን ጥሶ እኔ ሳልናገር ሦስት ጊዜ የጎረሰው አንዱ ብድግ ብሎ ወጥቶ ተፋ። አንድ ሥጋ ስንት ዓይነት ይሸታል? አፍንጫ ያላቸው ሰዎች ናቸው እኮ! እግዜር የሰጣቸውን ደህና አፍንጫ ይዘው የእኔን የሞተ አፍንጫ ተከተሉ። እኔም ተደገፍኩባቸው። ከተናገርኩ በኋላ እነሱ ሲሸታቸው፣ በቃ እውነትም ይሸት ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ያልተከተለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከአርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነርስ ነው። እሱ ጥብሱን ጥርግ አድርጎ በላና፣ ምንም አይሸትም፣ እንዲያውም ቢቸና ከመጣሁ እንዲህ ያለ ጥብስ አልበላሁም አለ። በማግሥቱም ብቻውን ሄዶ በላ። በሳምንቱ ሻይ ቤት ተሰብስበን ስለዚሁ ስንቦጭቅ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ከታመሙ በኋላ ሽታ በደንብ ይሰማዎታል? ብዙ ሰው ላይ ጠፍቶ ቀርቷል።»

አገኘኝ! ክፋት ሳይሆን እርዳታ ይዞ ነበር የመጣው። ያን ጊዜ እሺ ብል፣ አዎ ልጄ ብል፣ ሁሉም እዚያው ባለቀ። እኔ ግን ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ለሴትዮዋ እንዲህ የምትሟገተው ጥብሱ ብቻ ጣፍጦህ ነው?» አልኩት። ሻይ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ልጁ ቀላ፤ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ዳግመኛ ትርንጎ ቤት እግሩ አልደረሰም፤ ስሟን እንዳያስነሣ ፈርቶ ነው። የነበራትን አንድ ምስክር እንዲህ አድርጌ አባረርኩባት፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ስም አጉድፌ።

ይህ ይበቃኛል ትላላችሁ? አልበቃኝም። ትርንጎ ቤቴ ድረስ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ እንዴት ደግ ነበር። ምኑ ላይ እንደሆነ ይንገሩኝና ላስተካክል አለችኝ። ምን ልበላት? ቅቤው ነው አልኳት። ሄዳ ከመርጡለ ማርያም ቅቤ አስመጣች፤ በሳህን ይዛልኝ መጣች። ቀመስኩ፤ ሥጋው ነው አልኳት። ሥጋ የሚያቀርብላትን ሰው ተጣልታ ከጉንደ ወይን በሬ አስነዳች፤ ይዛልኝ መጣች። ሸክላው ነው አልኳት። ሸክላዎቿን ሁሉ ለወጠች። በመጨረሻ ስትመጣ ሳህኑን ሰጥታኝ የገዛ እጆቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸት ነበር። እኔ እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ካርቶኔን እያኘክሁ እንደ ዳኛ አሰብኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ «አሁንም አልለቀቀውም» አልኳት።

ፍልሰታ ሳይገባ ቤቱ ተዘጋ። ሰዉ «ድሮም ይሸት ነበር» አለ። ያልበሉት ሳይቀሩ። እሷ ሞጣ ዘመድ አለኝ ብላ ሄደች።

አምና በሥራ ጉዳይ ሞጣ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼ አንድ ጥብስ ቤት ወሰዱኝ። እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞር ስል ትርንጎ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጠቁራለች፣ ከስታለች። ስታየኝ ቢላዋውን ጥላ ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ስለ ሚስቴ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። እኔም ዛሬ ጥብሱን አንቺ ነሽ የሠራሽው ብዬ ጠየቅኳት።

«ኧረ እኔ ሥጋ አልነካም ጋሼ» አለች። «እንዳታሳዩኝ ብዬ አስምዬአቸዋለሁ። ለእኔኮ ያን ጊዜም ጥሩ ጥሩ ነበር የሚሸተኝ። እንዲህ የሚያሳስት አፍንጫ ይዤ ለሰው ላበላ! ድሮ በየድግሱ ያበላሁትን ሳስበው ያመኛል፤ ስንቱ አፍሮኝ ዝም ብሏል። እርስዎ ነዎት የእውነቱን የነገሩኝ። እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው።»

የሞተው የእኔ አፍንጫ ነው። ደህናውን የእሷን ገደልኩት፣ ገድዬም ተመስጋኝ ሆንኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው፣ «እኔ አይሸተኝም» ማለት ነው። ባልደረቦቼ ከውስጥ ጋሼ ይምጡ፣ ይቅመሱልን እያሉ ይጠሩኛል። እሷ ሽንኩርት በያዘ እጇ ዓይኗን እየጠረገች ምርቃቷን እስክቀበላት ቆማ ትጠብቃለች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የምትሉትም እናንተ አይደላችሁም። ሳል ነው፣ እርጅና ነው፣ ሕመም ነው ብዬም አላመካኝም። ሳሉ አፍንጫዬን ወሰደ እንጂ አፌን አልዘጋውም። በዚያ ጓሮ ቆሜ ያልኩትን ብቻ እወቁልኝ።

«አሜን» አልኳት፤ ገባሁና ቀመስኩላቸው።